የጎን ዓይን፤ የኢልያ ኤረንቡርግ ፓሪስና የተጓዥ ፎቶግራፍ ፈተና

የፎቶግራፍ መሣሪያ በተጓዥ አንገት ላይ መንጠልጠል ከጀመረ ወዲህ የታላላቅ ከተሞች መልክ ከሁለት ዕጣዎች አንዱን ሲቀበል ኖሯል። አንደኛው የፖስታ ካርድ ዕጣ ነው። ጎብኚው ገና ከቤቱ ሳይነሣ ሐውልቱንም፣ ድልድዩንም፣ ካቴድራሉንም በካርድ ላይ አይቶታል። ከቦታው ሲደርስ የሚያደርገው ቀድሞ ያየውን ማረጋገጥ ነው፤ ሲመለስ ይዞት የሚገባውም ከሐውልቱ ፊት ቆሞ የተነሣው የምስክር ወረቀት ነው። ሁለተኛው የመርማሪ ዓይን ዕጣ ነው። ይህኛው ተጓዥ ለሐውልቱ ጀርባውን ሰጥቶ በሐውልቱ ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሰው ያያል። የመጀመሪያው ከተማይቱ ልታሳይ የምትሻውን ያነሣል፤ ሁለተኛው ልትሸሽግ የምትሻውን። ከሁለቱ ለእውነት የሚቀርበው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ግን ላይ ላዩን ሲታይ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። የተሸሸገውን ያነሣ ሁሉ እውነትን አነሣ ማለት አይደለምና።

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከሚያነሡ ሥራዎች አንዱ የሶቪየቱ ደራሲ ኢልያ ኤረንቡርግ «የእኔ ፓሪስ» በሚል ርእስ በ1933 በሞስኮ ያሳተመው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶግራፎቹን ያነሣው ደራሲው ራሱ ነው፤ ጽሑፉም የራሱ ነው። የመጽሐፉን ገጽ ቅንብር የሠራው ደግሞ በዘመኑ ከታወቁት የሥነ ጥበብ ፈር ቀዳጆች አንዱ የነበረው ኤል ሊሲትስኪ ነው። ደራሲና ሠዓሊ በአንድ መጽሐፍ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም፤ በ1922 በበርሊን በሩስኛ፣ በጀርመንኛና በፈረንሣይኛ የሚታተም «ነገር» የተባለ የኪነ ጥበብ መጽሔት በጋራ አዘጋጅተው ነበር። መጽሐፉ ከወጣ ከዘጠና ዓመታት በላይ ሆኖታል። ያነሣው ጉዳይ ግን አላረጀም።

ደራሲውና ከተማዋ

ኤረንቡርግ በ1891 በኪየቭ ተወለደ። ገና በጉርምስናው በቦልሼቪኮች የኅቡእ እንቅስቃሴ ተካፍሎ ታሰረ፤ ከእስር ወጥቶም በ1908 መጨረሻ ፓሪስ ገባ። እስከ 1917 ድረስ በዚያው በስደት ሲኖር በሞንፓርናስ ቡና ቤቶች ከፒካሶ፣ ከሞዲልያኒና ከዲየጎ ሪቬራ ጋር ተወዳጀ። ከአብዮቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ በ1921 እንደገና ወደ ፓሪስ ቢሄድ የፈረንሣይ መንግሥት አባረረው። ጥቂት ዓመታት በበርሊን ከቆየ በኋላ ግን በ1920ዎቹ አጋማሽ ተመልሶ ኑሮውን በፓሪስ መሠረተ፤ በ1932 ደግሞ «ኢዝቬስትያ» ለተባለው የሞስኮ ጋዜጣ የፓሪስ ዘጋቢ ሆነ።

ስለዚህ «የእኔ ፓሪስ» የሳምንት ጎብኚ ማስታወሻ አይደለም፤ ረጅም ዘመን የከረመ እንግዳ ማስታወሻ ነው። ደራሲው ለሰፈሩ ነዋሪ ነው፤ ለአገሩ መንግሥት የውጭ ሰው ነው፤ ለሞስኮ አንባቢው ሄዶ ያየ ምስክር ነው። «የእኔ» የምትለው ቃል ይህን ሁሉ ተሸክማለች። በአንድ በኩል የፍቅር ቃል ናት፤ ሰው የወጣትነት ረኀቡንና የመጀመሪያ ግጥሞቹን ያሳለፈባትን ከተማ «የእኔ» ቢል አያስገርምም። በሌላ በኩል ግን የጥንቃቄ ቃል ናት፤ «ይህች የሁሉ ፓሪስ አይደለችም፤ የእኔ ምርጫ ናት» ብላ አንባቢውን ታስጠነቅቃለች።

የዚህ አቋም ልዩነት ከሌሎች ተጓዦች ጋር ሲነጻጸር ይበልጥ ይጎላል። ሠዓሊውና ፎቶግራፍ አንሺው አሌክሳንደር ሮድቼንኮ በ1925 በዓለም አቀፉ የጌጣጌጥ ጥበብ ኤግዚቢሽን «የሠራተኞች ክበብ» የተባለውን አዳራሽ ሊያሰናዳ ፓሪስ ሄዶ ነበር። ለባለቤቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ1927 «ኖቪ ሌፍ» በተባለው መጽሔት ታትመዋል። በነዚያ ደብዳቤዎች ፓሪስ የምታስደንቅም የምታስጸይፍም ናት፤ ጸሐፊው ግን በቶሎ ተመላሽ መሆኑን ያውቃል፤ ፍርዱም የመንገደኛ ፍርድ ነው። ለአማርኛ አንባቢም ፓሪስ በጉዞ ጽሑፍ አዲስ አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ያደረጉትን ጉዞ «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፋቸው መዝግበውታል። ያ ግን፣ ርእሱ ራሱ እንደሚናገረው፣ በሩ በክብር ተከፍቶለት የገባ እንግዳ ያያት አውሮፓ ናት። ኤረንቡርግ ያቀረባት በጓሮ በር የተገባባትን ፓሪስ ነው።

መሣሪያውና ዘዴው

የፎቶግራፍ ጥበብ ከመሣሪያው ተነጥሎ ሊመዘን አይችልም። ከኤረንቡርግ በፊት ፓሪስን ለሠላሳ ዓመት ያህል ያነሣው ኧዤን አትዤ ከባድ የእንጨት ካሜራ፣ የመስተዋት ሰሌዳዎችና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ተሸክሞ በማለዳ ይወጣ ነበር። እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚንቀሳቀስ ሰው አይወድም፤ ስለዚህም በብዙዎቹ ሥዕሎቹ መንገዱ ባዶ ነው፤ ደረጃው፣ የሱቁ መስኮት፣ የግቢው ግድግዳ ብቻቸውን ቆመው ይታያሉ። አትዤ በ1927 ሞተ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ላይ ኦስካር ባርናክ የነደፈው «ላይካ» የተባለ ትንሽ ካሜራ ለገበያ ቀርቦ ነበር። በሲኒማ ፊልም የሚሠራው ይህ ካሜራ በአንድ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ጊዜ ያነሣል፤ በኮት ኪስ ይገባል፤ ማቆሚያ አይሻም። አትዤ ሰሌዳውን አዘጋጅቶ መንገዱ ጭር እስኪል ሲጠብቅ የኖረባት ከተማ በላይካ ዘመን በእርምጃ ላይ ሳለች መነሣት ጀመረች።

ኤረንቡርግ የተጠቀመበት ላይካ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕቃ ነበረው፤ ይኸውም የጎን ማነጣጠሪያ ነው። በዚህ ማነጣጠሪያ የሚያየው ሰው ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ ሲቆም የካሜራው ዓይን ወደ ጎኑ ይመለከታል። በአጠገቡ ያለው ሰው «ፊት ለፊቱ ያለውን ቤት እያነሣ ነው» ብሎ ችላ ይለዋል፤ የሚነሣው ግን ቤቱ ሳይሆን ያ ሰው ራሱ ነው። ኤረንቡርግ ይህን ዘዴ ከአንባቢው አይደብቅም። እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ማነጣጠሪያው በግልጽ ይጽፋል፤ የደራሲ ሙያም ከጥንቱ ጀምሮ በመስኮት አጮልቆ የማየት ሙያ ስለሆነ ካሜራው አዲስ ኀጢአት አላመጣም የሚል መከራከሪያ ያቀርባል። ሊሲትስኪም በሽፋኑ ላይ ደራሲውን ከነካሜራው አሳይቶታል። ስለዚህ አንባቢው ገና ገጹን ሳይገልጥ የሚያየው ሁሉ በማን ዓይንና በምን መሣሪያ እንደተለቀመ ያውቃል።

ዘዴው አዲስ ፈጠራ እንዳልነበረም መታወቅ አለበት። አሜሪካዊው ፖል ስትራንድ በ1916 በኒው ዮርክ ጎዳናዎች በካሜራው ላይ አሳሳች ሌንስ ገጥሞ ሳያውቁ የተነሡ ሰዎችን ፊት ቀርጿል። የኤረንቡርግ ልዩነት ዘዴውን የአንድ ሙሉ መጽሐፍ መርሕ ማድረጉና በጽሑፍም መሟገቱ ነው።

አግዳሚ ወንበሮቹ

ከመጽሐፉ የሚወጣችው ፓሪስ ምን ትመስላለች? የኤፌል ግንብም፣ የሉቭር ቤተ መዘክርም፣ ታላላቆቹ አደባባዮችም የመጽሐፉ ጉዳይ አይደሉም። ጉዳዩ በመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። በወንበሩ ላይ አሮጊቶች ተቀምጠዋል፤ ወዛደር አረፍ ብሏል፤ ፍቅረኛሞች ተቃቅፈዋል፤ ቤት የሌለው ሰው ኮቱን ተከናንቦ ተኝቷል። የሕንፃ በር ጠባቂ ሴቶች ከደጃቸው ቆመው ይታያሉ። አሮጌ ዕቃ የሚቸረችሩ ሰዎች፣ በሥራ አጥነት የሚንገላቱ፣ በሴን ወንዝ ዳርቻ የሚውሉና የሚያድሩ፣ በቤልቪል ዓይነት የሠራተኛ ሰፈሮች የሚንቀሳቀሱ ሁሉ አሉ። ዘመኑ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት አውሮፓን እያናወጠ የነበረበት ነው፤ ይህም በፊታቸው ላይ ይነበባል።

የእነዚህ ሥዕሎች ጥንካሬ ከውበታቸው አይመነጭም። ብዙዎቹ አዘናብለዋል፤ ጥቂቶቹ ደብዝዘዋል፤ ሰውየው ግማሽ ፊቱን ብቻ የሰጠበት፣ ወይም ጀርባ ፊት ለፊቱን የጋረደበት ጊዜ አለ። በሥቱድዮ ሚዛን ቢለኩ ይወድቃሉ። ሆኖም ጉድለታቸው ራሱ ይናገራል። ሰው ካሜራ ሲያይ ትከሻውን ያስተካክላል፣ ከንፈሩን ይሰበስባል፣ ሊሆን የሚፈልገውን ሰው ለአንድ አፍታ ይሆናል። በነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ያ አፍታ የለም። አሮጊቲቱ ማንም አያየኝም ብላ እጇን በጭኗ ላይ ጥላለች፤ ድካሟ ለማንም ያልተሰናዳ ድካም ነው። በዚህ ረገድ ኤረንቡርግ የፈለገውን አግኝቷል ማለት ይቻላል።

ጽሑፉም ሥዕሎቹን እንደ መግለጫ ተከትሎ አይሄድም። አጫጭር ምዕራፎች በየጉዳዩ ተከፋፍለው ከሥዕሉ ጎን ይራመዳሉ፤ አንዳንዴ ይቀድማሉ፣ አንዳንዴ ወደ ሌላ ያመራሉ። ሥዕሉ ዝም ያለውን ቃሉ ይሞላል፤ ቃሉ የሚያጋንነውን ሥዕሉ ይገራል። የሊሲትስኪ ድርሻም እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊው ፎቶግራፉን እንደ ጌጥ በጽሑፍ መካከል አልሰካም፤ ከፊደሉ ጋር እኩል ድምፅ ሰጥቶታል። በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ኅትመት ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ገጾች ተጠርዞ የሚቀር ተቀጥላ በመሆኑ፣ ይህ አሠራር ለአገር ውስጥ የመጽሐፍ አዘጋጆች ሊጠና የሚገባው ነው።

ከማን ተሸሸገ?

ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ትልቁ ፈተና ከዚሁ ከጥንካሬው ይነሣል። ካሜራው ከማን ነው የተሸሸገው? ከባለ ባንኩ አይደለም፤ ከሚኒስትሩ አይደለም፤ ከፖሊሱም አይደለም። የተሸሸገው ከአሮጊቲቱና በወንበር ላይ ከተኛው ሰው ነው። ደራሲው በሽፋኑ ላይ ለአንባቢው ተናዟል፤ ለተነሺዋ ግን አልተናዘዘም። እርሷ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ በሞስኮ መጽሐፍ ውስጥ የድህነት ምሳሌ ሆና መቀመጧን ሳታውቅ ልትቀር ትችላለች። አማርኛ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረት ያለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው፤ ቁስሉ የሌላው ሲሆን የሚመረምረው እጅ አይራራም። የካሜራን ጉዳይ ከሌንሱ ፊት ሆኖ ለሚያውቀው ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ መንገደኛ መጥቶ ለማኙን፣ ታማሚውን፣ ጎስቋላውን ሕፃን አንሥቶ ሲሄድ ላየ ሰው፣ ይህ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይሆንበትም።

እዚህ ላይ ከኤረንቡርግ ጋር በአንድ ዘመን ይሠራ የነበረውን ብራሳይን ማስታወስ ይጠቅማል። ብራሳይ በትውልዱ ከትራንሲልቫንያ የመጣ ሃንጋሪያዊ ነው፤ እርሱም ለፓሪስ እንግዳ ነበር። «ፓሪስ በሌሊት» የተባለው መጽሐፉ በ1932 መጨረሻ ወጣ። ካሜራው በማቆሚያ ላይ የሚቆም፣ ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ ብርሃን የሚቀበል ነበር። በዚህ መሣሪያ ተደብቆ ማንሣት ስለማይቻል ብራሳይ በሌሊት ቡና ቤቶችና በጠባብ መንገዶች የሚያገኛቸውን ሰዎች ማግባባት፣ ማስፈቀድ፣ አንዳንዴም እንደ ተዋንያን ማቆም ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ በብራሳይ ሥዕል ውስጥ የተቀነባበረ ነገር አለ፤ በኤረንቡርግ ውስጥ የለም። በአንጻሩ የብራሳይ ሰዎች መልሰው ያያሉ። በዓይናቸው «አንተ ማነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። የኤረንቡርግ ሰዎች መልሰው የማየት ዕድል አላገኙም። የመጀመሪያው ጥቂት እውነት አጉድሎ ሰውየውን አከበረ፤ ሁለተኛው ሰውየውን ሳያማክር እውነቱን ወሰደ። ከሁለቱ አንዱን ፈጽሞ መኰነን አይቻልም፤ የየራሳቸው ዋጋ መኖሩን ግን መካድም አይገባም።

ለኤረንቡርግ መናገር የሚገባው አንድ ትልቅ ነገርም አለ። በዚያው ዘመን ፓሪስን ለመጎብኘት የሚጎርፈው ሕዝብ ምን ያይ እንደነበር ማሰብ ይበቃል። በ1931 በቬንሴን ደን የዓለም አቀፍ የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ለስድስት ወር ያህል ቆየ። የካምቦዲያው የአንኮር ዋት ቤተ መቅደስ አምሳያ ተገንብቶ በመብራት አሸብርቆ ይታይ ነበር፤ ከቅኝ አገሮች የመጡ ሰዎችም በተሠሩላቸው ጎጆዎች አካባቢ ለተመልካች ይቀርቡ ነበር። ከሠላሳ ሚሊዮን በላይ የመግቢያ ቲኬት ተሽጧል። የሱሪያሊስት ባለቅኔዎች «አትጎብኙ» የሚል የተቃውሞ ወረቀት ቢበትኑም ሰሚያቸው ጥቂት ነበር። በዚያ ስፍራ ጉብኝት ማለት መንግሥት ባዘጋጀው ቦታ ቆሞ መንግሥት የሚያሳየውን ማየት ነበር። ከዚህ ትርኢት ዘወር ብሎ በአግዳሚ ወንበር ላይ የተኛውን ሰው ማየት ራሱ አቋም ነው፤ የመጽሐፉ ክብርም በዚህ አቋም ላይ ይቆማል።

በዚያው ዓመት፣ በሌላ ከተማ

መጽሐፉ ግን ከታተመበት ዓመት ተነጥሎ ሊነበብ አይችልም። በ1932 እና በ1933 የኤረንቡርግ የትውልድ ምድር ዩክሬን በረኀብ ትረግፍ ነበር። ከገበሬው እህሉ በመንግሥት ትእዛዝ ተወስዶበት በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በወቅቱ የሶቪየት ዩክሬን ዋና ከተማ በነበረችው በካርኪቭ ሰዎች ተርበው በመንገድ ላይ ይወድቁ ነበር። በፓሪስ ወንበር ላይ የተኛውን ሰው ያየው የሞስኮ አንባቢ በካርኪቭ መንገድ ላይ የወደቀውን በማንኛውም የአገሩ መጽሔት ሊያይ አይችልም ነበር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» የሚለው ተረት ከዚህ የከበደ ቦታ አያገኝም። የፓሪሱ ድህነት ሐሰት አልነበረም፤ በሞስኮ ገጽ ላይ ሲሰፍር ግን የአገር ቤቱን ረኀብ የሚሸፍን መጋረጃ ሆነ።

በዚያችው በካርኪቭ ሌላ መንገደኛ ነበረ። አሌክሳንደር ቪነርበርገር የተባለ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ በ1933 በከተማዋ ሲሠራ ሳለ በመንገድ ላይ የወደቁትን፣ በዳቦ ሰልፍ የቆሙትን፣ አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዳላየ የሚያልፋቸውን አስከሬኖች በድብቅ አነሣ። ከነዚህ ሥዕሎች ጥቂቶቹ በ1935 በቪየና በወጣው የኤቫልድ አመንደ መጽሐፍ ታተሙ። ቪነርበርገር በኋላ በ1939 የራሱን ትዝታ ያሳተመው በናዚ ግዛት በመሆኑ ሥዕሎቹ ለሌላ ፕሮፓጋንዳም ማገልገላቸው አልቀረም። ይህ ግን ያነሣውን አይሽርም፤ ዛሬ ስለዚያ ረኀብ በዓይን ከሚመሰክሩት ጥቂት ማስረጃዎች መካከል የእርሱ ሥዕሎች ይገኛሉ።

ሁለቱ ተጓዦች፣ ሁለቱ ትንንሽ ካሜራዎች፣ አንዱ ዓመት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከላይ የተነሣው ጥያቄ መልስ ማግኘት ይጀምራል። ሁለቱም ተሸሽገው አነሡ። ቪነርበርገር የተሸሸገው ከኀይለኛው ነው፤ ቢገለጥ ይታሰራል፣ ምስክርነቱም ይጠፋል። ኤረንቡርግ የተሸሸገው ከደካማው ነው፤ ቢገለጥ የሚቀርበት የአሮጊቲቱ ያልተሰናዳ ፊት ነበር። የመጀመሪያው ድብቅነት የእውነት ጋሻ ነው። ሁለተኛው የጥበብ ምቾት ነው። እንግዲህ ድብቅ ካሜራ በራሱ ክፉም ደግም አይደለም፤ ፍርዱ የሚሰጠው ከማን እንደተሸሸገ ታይቶ ነው።

ኤረንቡርግ ራሱ ይህን ሳያውቅ የቀረ ሰው አልነበረም። ከስታሊን ሞት በኋላ በ1954 ያወጣው «መቅለጥ» የተባለው አጭር ልብ ወለድ ለአንድ ዘመን ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። በ1960ዎቹ ባሳተመው ሰፊ የሕይወት ታሪኩ ደግሞ በ1930ዎቹ እርሱና ብዙ ባልደረቦቹ ስላሳለፉት ዝምታ ጽፏል። የጎን ዓይን ያለው ሰው ወደ ቤቱ መመልከት የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ በ1967 ከመሞቱ በፊት ግን ጀምሮታል።

ከመጽሐፉ የሚቀር

«የእኔ ፓሪስ» እነዚህ ሁሉ ፈተናዎች እያሉበትም የሚናቅ ሥራ አይደለም። ከተማ ማለት ድንጋይ ሳይሆን በድንጋዩ ላይ የሚቀመጠው ሰው መሆኑን አሳይቷል። ደራሲ ካሜራ ሲይዝ የቃሉ ጉልበት እንደማይቀንስ፣ ይልቁንም ቃሉ የሚጠየቅበት ምስክር እንደሚያገኝ አስመስክሯል። የመጽሐፍ ገጽ በሠዓሊ እጅ ሲቀናበር ምን ያህል እንደሚናገርም አሳይቷል። የጎደለው አንድ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚያየው ሰው ራሱ እንዲታይ አልፈቀደም።

ዛሬ ካሜራ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ገብቷል፤ ተጓዡም ከማንኛውም ዘመን በዝቷል። ወደ አውሮፓ ከተሞች ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም በስደት የሚሄደው ኢትዮጵያዊ ከኤፌል ግንብ ፊት ቆሞ የተነሣውን ሥዕል ለቤተ ሰቡ ይልካል። በዚያ ሥዕል ውስጥ የማይታየው የሌሊት ፈረቃው፣ የኪራይ ክፍሉ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ሰልፉ ነው። የእርሱ «የእኔ ፓሪስ» ገና አልተጻፈም። የሚጽፈው ሰው ከኤረንቡርግ የሚወርሰው ለሐውልቱ ጀርባ መስጠትን ነው፤ ከብራሳይ የሚወርሰው የተነሺውን ዓይን መቀበልን ነው።

መምህሩም በክፍሉ ውስጥ ፎቶግራፍ ሲያስተምር ስለ ብርሃንና ስለ ቅንብር ብቻ አስረድቶ ባያበቃ መልካም ነው። አንሺው የት ቆሞ ነበር? ከማን ተሸሽጎ ነበር? ካሜራው ወደ ጎን ሲያይ ከጀርባው ምን ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል፤ መልሱ በሥዕሉ ውስጥ አይገኝምና። በ1933 የፓሪስን አግዳሚ ወንበሮች ይመለከት ከነበረው ካሜራ ጀርባ ካርኪቭ ነበረች።